ለሸቤ ጭቃ የገዛሁት ጫማ

ወደ ጅማ የሄድኩት ዘመድ ናፍቆኝ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከተመለስኩ ወዲህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጎረቤቶቼ «የሺ አገሯ ገባች፣ ከዘመዶቿ ታረቀች» እያሉ ማውራታቸውን ስለሰማሁ ነው። አልታረቅኩም። የሄድኩት ሰላም ስለምትሮጥ ነው።

ሰላም የሟች እህቴ የልጅ ልጅ ናት። ከጅማ ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከእናቷ ከአልማዝ ጋር ትኖራለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሐምሌ መጨረሻ፣ እሁድ ቀን፣ ሸቤ ላይ የሴቶች ሩጫ ነበር። እስከ ሦስተኛ የወጡት ማደሪያም ትምህርትም ያለው ማሠልጠኛ ይገባሉ፤ አራተኛዋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰላም ካልተመረጠች ግን ቤቷም አትቆይም፤ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ደላላውም በየሳምንቱ ይደውላል። ይህን አልማዝ የነገረችኝ በስልክ ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ በዛ እንደማለት አድርጋ። አልማዝ ለእኔ የምትደውለው የሆነ ነገር ሲያስፈልጋት ነው። አሁን ያስፈለጋት ጫማ ነበር።

«እትዬ፣ አዲስ አበባ ጥሩ ጥሩው አለ። ክረምት ላይ የሚሮጡበት ዓይነት ይፈልጉላት።»

ፈለግኩ። እግሬ እስኪያብጥ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። በመጨረሻ አንዱ ሻጭ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደና «ማዘር፣ ይሄ ለክረምት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ውሃ አያስገባም» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ለእርስዎ ነው?» ሲል ሳቀ።

«ለእኔ ቢሆንስ?» አልኩት። ሳቁን ዋጠ።

ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ ውሃ ሰማያዊ መስመር አለው። ሶሉ ወፍራም ነው፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ላይ የሚሮጡት የሰፈራችን ሰዎች እንዲህ ያለ ነው የሚያደርጉት፤ በመስኮቴ አያቸዋለሁ። የሰላም ቁጥር ሠላሳ ስምንት መሆኑን አልማዝ ነግራኛለች። ሠላሳ ዘጠኝ ገዛሁ። እኛ ቤት ለሚያድግ ልጅ በልኩ ጫማ ተገዝቶ አያውቅም፤ አባቴ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አስበልጦ ይገዛና ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጥቅልን ነበር። ጥጡንም ይዤ ሄድኩ።

ሐሙስ ማለዳ አየር ጤና መናኸሪያ ስደርስ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ረዳቱ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወርውሮ «ሸራ ይለብሳል፣ አይስጉ» አለኝ። የጫማውን ካርቶን ግን አልሰጠሁትም፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተጓዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ምን ቢሆን ነው እንደ ሕፃን የታቀፉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጫማ» አልኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ወልቂጤ አላናገረችኝም፤ እኔም አልከፋኝም።

ወልቂጤ ለምሳ ቆምን። ክትፎው አዲስ አበባ ያሉት ቤቶች በነጭ ጠረጴዛ ልብስና በኩራት የሚያቀርቡት ዓይነት ነው፤ እዚህ ያለ ጠረጴዛ ልብሱና ያለ ኩራቱ ይሰጣሉ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ መስኮቱ በላብ ተሸፈነ፤ ወንዙ ቡና በወተት መስሎ ሞልቷል። ሰኮሩን ሳናልፍ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተጋደመ። ሁለት ሰዓት ቆምን። ጉም ወርዶ የፊታችንን አውቶቡስ ከለለው። ያች ያኮረፈች ጎረቤቴ ከቦርሳዋ ሙዝ አወጣች፣ ልጣና ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ አሁን ስጽፍ ይቆጨኛል።

ጅማ ያረፍኩት ሄርማታ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ዘይነባ ቤት ነው። የአባቴ ቤት ከእሷ ቤት በሁለት አጥር ይርቅ ነበር። ስለዚያ ቤት አልጽፍም፤ ሳልጠየቅ ማን እንደሸጠው የቡ ያሉት ያውቃሉ።

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች። «የሺ! አልሞትሽም እንዴ?»

«አንቺን ሳልቀብር?»

«ወላሂ፣ ራስሽ ሸበተ እንጂ ምላስሽ አልሸበተም። ግቢ፣ ዝናቡ በላሽ!»

ሻንጣዬን ስንከፍተው ከላይ እስከ ታች ውሃ ነው። ሸራው የነበረው ረዳቱ አፍ ላይ ብቻ ነው። ዘይነባ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝና ልብሴን በየወንበሩ ዘረጋች። ሳትነግረኝ ወደ ጓሮ ወጣችና ከሁለት ቤት ወዲያ የሚኖረውን ክርስቲያን ጎረቤቷን ጠርታ ዶሮ አሳረደች፤ በእሷ ሰው እጅ የታረደ እንደማልበላ ታውቃለች። ወጡንም ለብቻ ድስት ሠራችው። አዲስ አበባ ከበሬ ፊት ለፊት ከምትኖረው ሴት ጋር በደረጃ መብራት ከተጣላን ሁለት ዓመት ሆነን፤ ሁለታችንም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን።

ከእራት በኋላ ጫማውን አሳየኋት። በአውራ ጣቷ ሶሉን ጫን አደረገችው። «ይሄ ጫማ ነው ትራስ?»

«የሩጫ ነው።»

«ይሁን። አላህ ለልጅቷ ያግራላት» አለችና ካርቶኑን መለሰችልኝ።

ዓርብ ወደ የቡ በሚኒባስ ሄድኩ። ጭቃው እንደማስታውሰው ነው። የጀሞ ጭቃ ጥቁር ነው፤ እግር ይይዛል እንጂ አይጥልም። የየቡ ቀይ ነው፤ መጀመሪያ ይጥላል፣ ቀጥሎ ይይዛል። ከመናኸሪያው እስከ አልማዝ ቤት ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሁለተኛው ላይ ቡና ጠባቂ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ «አዴ፣ ሱታ! እናቴ፣ ቀስ!» እያሉ ዱላቸውን አቀበሉኝና በሩ ድረስ ሸኙኝ፤ ዱላቸውንም ትተውልኝ ሄዱ።

አልማዝ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት። ሽሮ አቀረበች። ግድግዳው ላይ የአባቴ ፎቶ በፍሬም ተሰቅሏል። ፎቶውን አስቀርተዋል።

ሰላም ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ካርቶኑን ከፈተች። ጫማውን አደረገችና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እግሮቿን አንጠልጥላ አየቻቸው።

«እማማ፣ መሬት ላስነካው?»

«ልትሮጪበት አይደል እንዴ!»

ከበሩ ሥር አሮጌ ጫማዋ ተቀምጦ ነበር፤ ከልባሽ ተራ የተገዛ የኳስ ታኬታ። ጥርሶቹ ረግፈው በምትካቸው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በወፍራም ክር ተሰፍቶበታል። ጎኑ በወስፌ ተበሳስቷል። አስጠላኝ። የአባቴ የልጅ ልጅ ልጅ በዚህ እንድትታይ አልፈለግኩም።

ከሰዓት በኋላ ልምምዷን ልናይ ወደ ዳገቱ ወጣን፤ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ባዶአቸውን ዝናብ ይመታቸዋል። እዚያ ጃንጥላ ይዞ የሚጠብቃት አሠልጣኝ ጋሽ ወርቁ ነበር። በሕይወት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ሰላምን የሚያሠለጥነው እሱ መሆኑን ግን አልማዝ አልነገረችኝም። ብትነግረኝ ምናልባት አልመጣም ነበር።

ጋሽ ወርቁ የስፖርት አስተማሪዬ ነበር። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ምናምን። የጅማ ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ሯጭ ወደ አዲስ አበባ ሊልኩ ውድድር ሲደረግ ያለ ጥርጥር የምሮጠው እኔ ነበርኩ። በዚያ ጠዋት የወረዳው ገዥ ልጅ ጫማዋ ተቀደደ። ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ መጥቶ «አውልቂ» አለኝ። አወለቅኩ። ሸራ ጫማዬን ለእሷ አሠረላት፣ እኔን «ተቀመጪ» አለኝ። እሷ አሸነፈች፣ ሄደች። እኔ ታይፒስት ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ስለደረሰብኝ ነገር፣ ስለ ትዳሬም ጭምር፣ የምጽፈው የለም፤ ግን የሁሉም መነሻ ያ ጠዋት ነው ብዬ ሃምሳ ዓመት ኖሬያለሁ።

አሁን ሰባ ስምንት ሆኖታል ይላሉ። አወቀኝ። ሰላምታ ሰጠኝና ሰላምን አንዱን ጫማ አስወልቆ አጠፈው፣ ሶሉን ዳሰሰ፣ ውስጡን አየ።

«ስንት ቁጥር ነው?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«የልጅቷ እግር ሠላሳ ስምንት ነው።»

«ታድጋለች።»

«እስከ እሁድ?»

ሰላም ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እኔ አልሳቅኩም።

«ስሚኝ የሺ» አለ፣ «ጫማው ሸጋ ነው፤ ለአስፋልት። ጥርስ ግን የለውም። ደግሞ ውሃ የማያስገባ ጫማ ውሃ አያስወጣም። ሸቤ ላይ ቦይ ይሻገራሉ፤ ከላይ ይገባና እዚያው ይቀራል፣ ድንጋይ አስራ እንደመሮጥ ነው። ሄርማታ የታወቀ ጫማ ሰፊ አለ። ነገ ስናልፍ የጎማ ጥርስ ይስፋበት፣ ጎኑን ይብሳው። እምቢ ካልሽ በአሮጌው ትሩጥ።»

ልክ መሆኑን ያኔም ጠርጥሬ ነበር። ነገር ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «እርስዎ የሰው ጫማ መንካት የቆየ ልማድዎ ነው።»

አልማዝ «እትዬ!» አለች።

የረሳ መስሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። አላለፈውም። «ያንን ነው የምትይው? አዎ፣ ወሰድኩብሽ። የምንልከው አንድ ሰው ነበር።»

«የገዥ ልጅ ስለሆነች!»

«ትፈጥንሽ ስለነበር» አለኝ።

ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲመታ እሰማ ነበር። ዋሸ ብዬ ልጽፍ እችላለሁ። እዚህ የጻፍኩት የሰማሁትን ነው።

ቅዳሜ ሰላም፣ ጋሽ ወርቁና እኔ አብረን ወደ ሸቤ ጉዞ ጀመርን። ሄርማታ ገበያ ጥግ ጋሽ ወርቁ ጫማ ሰፊው ጋ አስቆመን። ሰውየው ከላስቲክ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል፤ ዙሪያውን አሮጌ ጎማ፣ ከፊቱ ወስፌና ጉጠት። የሐምሌ ሥራው ይህ ነው፤ የየገጠሩ አስተማሪም ተሸካሚም ለጭቃው ጫማውን ጥርስ ያሰፋል። አዲሱን ጫማ ተቀበለ፣ አገላበጠና ቢላዋውን አነሳ።

«አይነካም!» አልኩ።

«አዴ፣ አላበላሸውም። ሶሉን በትንሹ ፈልፈል አድርጌ ነው የምሰፋበት» አለኝ።

«አዲስ ጫማ ላይ ቢላዋ አያርፍም። ስጠኝ።»

ሰውየው ጋሽ ወርቁን አየ። ጋሽ ወርቁ ሰላምን አየ። «አንቺ ነሽ የምትሮጪው። በየትኛው ነው?» አላት።

እኔን ሳታይ እንድትመርጥ ልተዋት ይገባ ነበር። ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። ልጅቷ ወደ መሬት እያየች «እማማ በመረጡልኝ» አለች። እንደዚያ ነው ያሳደግናቸው፤ ትልቅ ሰው የሰጠውን አይመርጡም። ጋሽ ወርቁ አሮጌውን ታኬታ በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ሸቤ ያደርነው የዘይነባ ልጅ ሐዋ ቤት ነው። ሐዋ አልጋዋን ለእኔ ለቃ እሷ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች። የሰላምን ካልሲ ከምድጃው በላይ ሰቅላ አደረቀችላት፣ ማርና ቅንጬ አቀረበችላት፣ «አንደኛ ወጥተሽ ስትመለሺ ደግሞ ሌላ አለ» አለቻት። ሰላም ለመብላት አልቻለችም። እኔ ጥጡን አውጥቼ የጫማውን ጫፍ ጠቀጠቅኩ። እግሯ ላይ አሥሬ ሞከርኩት። ደረቅ ወለል ላይ በልኳ ሆነ።

እሁድ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ነጋ። መነሻው የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ከዚያ በቡና ማሳ መሃል ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ቦይ ይሻገራሉ፣ ወደ አስፋልቱ ወጥተው በሜዳው ይመለሳሉ፤ ሦስት ዙር። የሌሎቹን ልጆች እግር አየሁ። ታኬታ፣ ጎማ የተሰፋበት ሸራ፣ አንዷ እንዲያውም የላስቲክ ኮንጎ ጫማ በገመድ አስራለች። ነጭ ጫማ ያደረገችው ሰላም ብቻ ናት። አጠገቤ የቆሙ ሴቶች «የማን ልጅ ናት?» ተባባሉ። «የእኔ» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ሆና አለፈች። አስፋልቱ ላይ ጫማው ያምራል፣ ይስፈነጠራል። በሁለተኛው ዙር ሦስተኛ ሆናለች፤ ጫማው ነጭ መሆኑ ቀርቷል፣ ስትረግጥ ከውስጡ ውሃ ሲጮህ ይሰማል። ከቦይው በላይ ባለው ቁልቁለት ልጠብቃት ወረድኩ፤ ሽማግሌው የሰጡኝ ዱላ ባይኖር አልወርድም ነበር። ጋሽ ወርቁ ከቦይው ማዶ ቆሟል።

በመጨረሻው ዙር አሁንም ሦስተኛ ነበረች። አራተኛዋ ብዙ ራቅ ብላ ከኋላ ትመጣለች። ሰላም ቁልቁለቱን በመቀመጫዋ ተንሸራተተች፣ ተነሳች፣ ቦይውን ዘለለች። ስትወጣ ግራ እግሯ ብቻውን ወጣ። ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ጥቂት እርምጃ በካልሲ ሮጠች። ከዚያ ቆመች። ወደ ኋላ ዞረች።

«ተዪው!» አለ ጋሽ ወርቁ። «ሰላም! ዲሲ! ዲሲ! ተዪው!»

እኔም ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ልጅቷ ተንበርክካ በሁለት እጇ ጭቃውን ትቆፍር ነበር። አራተኛዋ፣ ያቺ ኮንጎዋን በገመድ ያሰረችው፣ አጠገቧ አለፈች። ሰላም ጫማውን መዝዛ አወጣች፣ ውሃውን ደፋች። ማሰሪያ ጊዜ ስላልነበራት ደረቷ ላይ ታቅፋው ሮጠች።

አራተኛ ወጣች። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጫማውን ዘረጋችልኝ። የረጠበው ጥጥ ከአፉ ተንጠልጥሏል።

«አልጠፋም፣ እማማ» አለችኝ።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግኩትን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም። ጋሽ ወርቁን ከዛፍ ሥር ለብቻው አገኘሁት። ከዳኞቹ አብዛኞቹ ያስተማራቸው ናቸው፤ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

«ይንገሩልን» አልኩት። «ጫማዋ ባይወልቅ ሦስተኛ ነበረች። ሁሉም አይቷል። እርስዎ ቢናገሩ እምቢ አይሉም።»

«ለሦስተኛዋ ምን ልበላት?»

«ሰላም ዓረብ አገር ትሄዳለች። ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። ኮፍያውን አውልቆ ውሃውን አራገፈ። «ሦስተኛ የወጣችውም ቤት ደላላ ይደውላል፣ የሺ። ለሰው ብዬ መምረጥን ያኔም አላደረግኩትም፤ አሁንም አላደርገውም።»

ወደ ሐዋ ቤት ስንመለስ ያ ሌላ የተባለው ምግብ ቀርቦ ጠበቀን። ሐዋ ውጤቱን አልጠየቀችም። ፊታችንን አይታ ሙቅ ውሃ በሳፋ አመጣችና የሰላምን እግር ራሷ አጠበችላት፤ ጥፍሮቿ መሃል የገባውን ጭቃ አንድ በአንድ እያወጣች። እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰላም እስከ ጅማ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ዘይነባ ለመንገድ ዳቦ ጋግራ ልካልኛለች፤ በላስቲክ ጠቅልላ ደግሞ «ይሄን ጣሪያ ላይ እንዳትጭኚ» ብላለች። አልማዝ በስልክ ደህና ግቡ አለችኝ፤ ደላላው ጉዞው ለነሐሴ ነው እንዳለም ነገረችኝ። «እሺ» ነው ያልኩት።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ሰላም መስኮቴ ሥር ዝናብ ላይ ቆመች። እግሯን አየሁ፤ ያ አሮጌ ታኬታ ነው ያለው።

«አዲሱስ?»

«ለጋሽ ወርቁ ሰጠኋቸው። ጥርስ ያሰፉበትና ለሌላ ልጅ ይሆናል።» ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ ጨመረች፦ «እኔማ አያስፈልገኝም እማማ። እዚያ አገር ቤት ውስጥ ጫማ አይደረግም አሉኝ፤ በሩ ላይ ነው የሚወለቀው። ቀኑን ሙሉ በባዶ እግር ነው።»

ይህን ያለችኝ ልታጽናናኝ ነው።